ባዶ ተሳቢ ለምን ይዘላል? ምንስ ይደረግለት?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለጥሪ እንግዶች የቀረበ ንግግር)





እንደሚታወቀው በእንዲህ ዓይነት በዓል ላይ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለተጫነው ነው። ስንት ኩንታል ማዳበሪያ እንደተከፋፈለ፣ ስንት ኩንታል እህል እንደተሰበሰበ፣ የትርፍ ክፍፍሉ ምን ያህል እንደደረሰ በሪፖርት ይቀርባል፤ መቅረቡም ተገቢ ነው። የዛሬው ርዕስ ግን ስላልተጫነው ነው። ማዳበሪያውን ቀበሌ ላይ አራግፎ ባዶውን ወደ መጋዘን ስለሚመለሰው የትራክተር ተሳቢ። ርዕሱ ለበዓል የሚመጥን ላይመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የተሳቢ ብየዳ የሚሰነጠቀው፣ ብሎኑ የሚረግፈው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው ከላዩ የሚወድቀው ሞልቶ ሲሄድ ብቻ ሳይሆን ባዶውን ሲሮጥም ነው። ባዶው ጉዞ ግን ሪፖርት ውስጥ አይገባም።

ከሁሉ አስቀድሞ የባዶ ጉዞው ብዛት ሊታወቅ ይገባል። የመኸር እርሻ ባለበት አካባቢ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ከመጋዘን ወደ ቀበሌ የሚጓጓዘው በአብዛኛው ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ወቅት በገበሬው ጎተራ ለገበያ የሚተርፍ እህል ብዙም አይገኝም፤ ስለዚህ ተሳቢው ሞልቶ ሄዶ ባዶውን ይመለሳል። እህሉ ተወቅቶ ለሽያጭ የሚቀርበው ደግሞ ከኅዳር መጨረሻ ወዲህ ነው። ያን ጊዜ ተሳቢው ባዶውን ሄዶ ሞልቶ ይመለሳል። ሁለቱ ጭነቶች በአንድ ደርሶ መልስ የሚገናኙበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። በመሆኑም አንድ ተሳቢ በዓመት ከሚጓዘው መንገድ ግማሽ ያህሉን ባዶውን ይጓዛል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለነዳጁና ለጥገናው የሚከፍለው አባል ስለዚህ ግማሽ ሲጠይቅ ግን ብዙም አይሰማም።

አሁን ወደ ምክንያቱ እንለፍ። ተሳቢ የሚሠራው ለሙሉ ጭነት ነው። አክስሉ፣ ባሌስትራው፣ ጎማው፣ የጎማው አየር ጭምር የሚመረጡት ሃምሳ ኩንታል ሲጫንባቸው እንዲችሉ ታስቦ ነው። ሃምሳ ኩንታል እንዲሸከም የተሠራ ባሌስትራ ባዶ ሣጥን ብቻ ሲያርፍበት አይተጣጠፍም፤ እንደ ድንጋይ ደርቆ ይቆማል። መንገዱ የሚሰጠውን ምት ሁሉ ወደ ላይ ያስተላልፋል፤ ቀላሉ ሣጥንም ይዘላል።

ይህን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል፤ ስምንተኛ ክፍል የደረሰ የአባል ልጅ ሊሠራው ይችላል። ባሌስትራው ክብደት ሲያርፍበት ስንት ሴንቲ ሜትር ወደ ታች እንደሚረግብ ይለካል። የዚያ ቁጥር ስኩዌር ሩት ይወሰድና 5 ለእርሱ ይካፈላል። የሚገኘው ውጤት ተሳቢው በሰከንድ ስንት ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች እንደሚወዛወዝ በግምት ይናገራል። ለምሳሌ የተሳቢው የራሱ ክብደት 15 ኩንታል፣ ጭነቱ 50 ኩንታል ነው እንበል። በጠቅላላው 65 ኩንታል ሲያርፍበት ባሌስትራው 6.5 ሴንቲ ሜትር ቢረግብ፣ በሰከንድ 2 ጊዜ ያህል ይወዛወዛል ማለት ነው። ሰው ፈጠን ብሎ ሲራመድ ከሚረግጠው ጋር ይቀራረባል፤ የሚያስጨንቅ አይደለም። ያው ተሳቢ ሃምሳው ኩንታል ሲወርድለት ባሌስትራው የሚረግበው 1.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ውዝዋዜውም በሰከንድ ወደ 4 ጊዜ ይወጣል። ይህ ወንፊት በእጅ ሲነፋ ያለውን ዓይነት መንቀጥቀጥ ነው። ላዩ ላይ ያለው ብሎን፣ ማጠፊያ፣ መቀርቀሪያ ሁሉ ይነፋል።

በየቀበሌው ካሉት የትራክተር ተሳቢዎች መካከል ጭራሹን ባሌስትራ የሌላቸው፣ አክስላቸው በቀጥታ ከሻንሲው ጋር የተበየደ ብዙ ናቸው። ለእነዚህ ያለው ብቸኛ ምት ተቀባይ ጎማው ነው። ስለሆነም ስለ ጎማ አየር የሚነገረው ለእነርሱ ይበልጥ ይመለከታቸዋል።

በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው የአየር ቁጥር ጎማው ከፍተኛውን ጭነት ሲሸከም ሊኖረው የሚገባው መጠን ነው። በዚያው አየር ባዶውን ሲጓዝ ጎማው ከመንገዱ ጋር የሚገናኘው በመሀሉ ብቻ ነው፤ ጎኑ አይተጣጠፍም፤ ድንጋይ በረገጠ ቁጥር እንደ ኳስ ይነጥራል። ይህ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ጠመኔ ይበቃል። በጎማው ጥርስ ላይ ከዳር እስከ ዳር ወፍራም የጠመኔ መስመር ይሰመራል፤ ባዶው ተሳቢ በደረቅና ደልዳላ መሬት ላይ ጥቂት ሜትሮች ቀጥ ብሎ ይጎተታል፤ ከዚያም መስመሩ ይታያል። መሀሉ ብቻ ጠፍቶ ዳርና ዳሩ ከቀረ አየሩ ለዚያ ክብደት በዝቷል። ዳርና ዳሩ ጠፍቶ መሀሉ ከቀረ አንሷል። እኩል ከጠፋ ልክ ነው።

ታዲያ አየር ይቀነስ ወይ? መልሱ እንደ ቦታው ይለያያል፤ ስህተትም የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። የጎማ አምራቾች ለየክብደቱ የሚገባውን አየር የሚያሳይ ሠንጠረዥ ያወጣሉ፤ ጎማው ሲገዛ ከሻጩ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሠንጠረዡ በእጅ ካለ፣ ተሳቢው ቀጥሎ በሚጭንበት ቦታም የሚሠራ ኮምፕረሰርና ትክክለኛ የአየር መለኪያ ካለ፣ ለረጅም ባዶ ጉዞ ሠንጠረዡ በሚፈቅደው ልክ መቀነስ ጥሩ ውጤት ይሰጣል። እነዚህ ካልተሟሉ ግን አየሩን አለመንካት ይሻላል። ምክንያቱም ጠዋት የተነፈሰ ጎማ ከሰዓት በኋላ ሳይሞላ ሃምሳ ኩንታል ሊጫንበት ይችላል። የሳሳ ጎማ በጭነት ሲሮጥ ጎኑ ደጋግሞ እየታጠፈ ይግላል፤ ውስጡ ይበጣጠሳል፤ መጨረሻው መፈንዳት ነው። በእግር ፓምፕ የትራክተር ተሳቢ ጎማ መሙላት ምን ያህል እንደሚያለፋ የሞከረ ረዳት ያውቀዋል፤ ደክሞት ግማሽ ላይ ቢያቆም አይፈረድበትም። ሙሉ ጭነት የያዘ የሳሳ ጎማ ከሚዘል ባዶ ተሳቢ የከፋ ነው። አየር የሚለካውም ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ነው፤ ከጉዞ መልስ የሚለካ አየር ከእውነተኛው በልጦ ስለሚታይ ያሳስታል። በጣት እየተጫኑ ወይም በመዶሻ እየመቱ መገመት በዚህ ደረጃ ላለ ዩኒየን የሚመጥን አሠራር አይደለም። የአየር መለኪያ ዋጋው ከአንድ ጎማ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ በየመጋዘኑ አንዳንድ ሊኖር ይገባል።

ከአየር ቀጥሎ የሚታየው ልል ነገር ነው። ባዶ ተሳቢ ከሚያሰማው ጩኸት ብዙው የሚመጣው ከመንገዱ ሳይሆን ከላላው መጋጠሚያ ነው። ዋናው ቦታ ትራክተሩና ተሳቢው የሚያያዙበት ፒን ነው። ቀዳዳው ሰፍቶ ፒኑ ከቀጠነ ተሳቢው በመሀል ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይጋጫል፤ እያንዳንዱ ግጭት ቀዳዳውን ይበልጥ ያሰፋዋል። አንዳንድ ቦታ ዋናው ፒን ሲጠፋ የቤት መሥሪያ ፌሮ ተቆርጦ ይገባል። ፌሮ ለዚህ አልተሠራም፤ ከቀዳዳውም ይቀጥናል፤ ማጠንጠኛ ቀዳዳ ስለሌለውም ባዶው ተሳቢ ሲዘል ወደ ላይ ተንሸራቶ ሊወጣ ይችላል። ተሳቢው መንገድ ላይ ከትራክተሩ ተለይቶ ሲሄድ ከፊቱ ማን እንዳለ አይመርጥም። ስለዚህ በቀዳዳው ልክ የሆነ ፒን፣ ከሥሩ ማያዣ ሽቦ ወይም ቁልፍ ያለው፣ ከዚያም ፒኑ ቢወጣ ተሳቢውን የሚይዝ ሰንሰለት የግድ ያስፈልጋል። ቀዳዳው ራሱ ሞላላ ሆኖ ከተገኘ በብየዳ ተሞልቶ በልኩ መበሳት አለበት።

የጎማ ኩሽኔታም እንዲሁ ይፈተሻል። ጎማው በክሪክ ተነሥቶ ላይና ታቹ ተይዞ ይነቀነቃል፤ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ኩሽኔታው ይጠበቃል ወይም ይቀየራል፤ ግራሶውም ይታደሳል። ባሌስትራ ያለው ተሳቢ ከሆነ አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያስሩት ጎባጣ ብሎኖች ዳዶዎቻቸው ይጠበቃሉ። የኋላውና የጎኑ ስፖንዳ ማጠፊያና መቀርቀሪያ ደግሞ ከአሮጌ የጎማ ውስጥ ላስቲክ ተቆርጦ በመካከሉ ቢገባ ጩኸቱ በአንድ ቀን ይጠፋል። ይህ የመጨረሻው ቀላል ነገር ቢሆንም ጥቅሙ ከጆሮ ያልፋል፤ ስፖንዳው ሲንኳኳ የሚውል ሹፌር ሌላውን ድምፅ፣ ማለትም የሚሰነጠቀውን ብረት ወይም የላላውን ጎማ፣ ሊሰማ አይችልም።

ስለ ስንጥቅ ከተነሣ አይቀር፣ ቀጭን ሽቦ በእጅ ወዲያና ወዲህ ሲታጠፍ ምን እንደሚሆን ሁሉም ያውቀዋል። ጠንክሮ የጎተተው ሳይበጥሰው፣ ደጋግሞ ያጠፈው ይበጥሰዋል። የተሳቢው መጎተቻ ክንድም እንዲሁ ነው። ሙሉ ጭነት ሲኖር ክንዱ ወደ ታች ተጭኖ ይቆያል። ባዶ ሆኖ ሲዘል ግን አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ይታጠፋል። ስንጥቁ የሚጀምረው ክንዱ ከሻንሲው ጋር በተበየደበት ቦታ ላይ ነው። ጭቃው ታጥቦ ሲታይ ቀለሙ በቀጭን መስመር ተሰንጥቆ፣ ከመስመሩም ዝገት ወጥቶ ይገኛል። እዚያ ላይ ዝም ብሎ በላዩ መበየድ ስንጥቁን መሸፈን ነው። ባለሙያ ብየዳ ሠራተኛ አስቀድሞ ስንጥቁ ያለቀበትን ጫፍ በትንሽ ቀዳዳ ይበሳና መሄዱን ያስቆመዋል፤ ከዚያም ስንጥቁን ከፍቶ ይበይዳል፤ በላዩም ጠፍጣፋ ብረት ይደርብበታል።

ሦስተኛው መፍትሔ ክብደት መጨመር ነው። ከሁሉ የተሻለው ክብደት የመልስ ጭነት ነው። ባዶ ጆንያ፣ አጠና፣ ለችግኝ ጣቢያ የሚሄድ አፈር፣ ለማህበሩ ግንባታ የሚሆን ድንጋይ፣ ማንኛውም ሊመለስ የሚገባው ነገር ከጉዞው በፊት ቢታሰብበት ሁለት ጥቅም ይገኛል። ይህ ግን የሹፌሩ ሥራ ሳይሆን የጽሕፈት ቤቱ ሥራ ነው፤ ሹፌሩ ቀበሌ ደርሶ ጭነት ሲፈልግ ቢውል ነዳጁን ሳይሆን ቀኑን ይከስራል። የመልስ ጭነት ከሌለ በአሸዋ የተሞሉ ጆንያዎችን መጫን ይቻላል። ከላይ በተጠቀሰው ስሌት መሠረት 15 ኩንታል በሚመዝን ባዶ ተሳቢ ላይ 5 ኩንታል አሸዋ ቢጨመር ውዝዋዜው በሰከንድ ከ4 ወደ 3.5 ጊዜ ያህል ይወርዳል። በቁጥር ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ጎማው ከመሬት የሚለቅበት ጊዜ ግን በግልጽ ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ሊስተዋሉ ይገባል። አንደኛ፣ አሸዋ ከማዳበሪያ ይከብዳል። ሃምሳ ኪሎ ዩሪያ የሚይዝ ጆንያ አፉ ድረስ ደረቅ አሸዋ ቢሞላ ክብደቱ ኩንታል ገደማ ይሆናል፤ እርጥብ ከሆነ ከዚያም ያልፋል። ሊያነሣው የሚሞክር ረዳት ወገቡን ይጎዳል። እስከ ግማሹ ብቻ መሙላት ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ቦታው ነው። ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ከሆነ ክብደቱ ከአክስሉ በላይና ከአክስሉ ትንሽ ወደ ፊት መቀመጥ አለበት። ከአክስሉ ወደ ኋላ ከተጫነ ተሳቢው እንደ ሚዛን ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ ክንዱ የትራክተሩን ኋላ ወደ ላይ ያነሣል፤ የትራክተሩ ጎማዎች ጉልበት ያጣሉ፤ ተሳቢውም ግራና ቀኝ መዋዠቅ ይጀምራል። ይህ ከመዝለሉ የባሰ ነው። ሦስተኛ፣ ጆንያዎቹ መታሰር አለባቸው። ያልታሰረ ክብደት በመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ራሱ ይዘላል፤ ተመልሶ ሲወድቅ ወለሉን ይመታል፤ በሁለተኛው ጉድጓድ ላይም ወደ ኋላ ይሄዳል። የፕላስቲክ ጆንያም በፀሐይ ስለሚበሰብስ በየጊዜው መታየት አለበት፤ አለበለዚያ አሸዋው መንገድ ላይ ተበትኖ ባዶ ጆንያ ይዞ መግባት ይመጣል።

ባሌስትራውን ስለ መለወጥ ብዙ ጥያቄ ይነሣል። አንዳንድ ባለ ጋራዦች ከባሌስትራው ላይ አንድ ወይም ሁለት ቅጠል አውጥተው «ለስልሶልሃል» ይላሉ። ባዶውን ሲሄድ እውነትም ይለሰልሳል። ነገር ግን የተሳቢው የመሸከም አቅም አብሮ ወርዷል፤ ኅዳር ላይ ሃምሳ ኩንታል ስንዴ ሲጫን የቀሩት ቅጠሎች ከአቅማቸው በላይ ይሸከማሉ፤ ይሰበራሉም። ስለዚህ ያለ አምራቹ ፈቃድ ቅጠል ማውጣት መከልከል አለበት። ትክክለኛው መንገድ ባለ ሁለት ደረጃ ባሌስትራ ነው። ከሥር ያሉት ቀጫጭን ቅጠሎች በባዶው ጊዜ ብቻቸውን ይሠራሉ፤ ጭነት ሲጨመርና ሲረግቡ ከላይ ያለው ወፍራም ረዳት ባሌስትራ ይነካና ሸክሙን ይጋራል። በከባድ መኪኖች የኋላ እግር ላይ ይህን ማየት ይቻላል። አዲስ ተሳቢ ሲገዛ በጨረታ ሰነዱ ላይ ቢካተት ይመረጣል፤ አሮጌውን ለመቀየር ግን ወጪው ከጥቅሙ ጋር ሊመዘን ይገባል። ያለውን ባሌስትራ በተመለከተ ቢያንስ ዝገቱ ሊጸዳና በቅጠሎቹ መካከል ግራሶ ሊገባ ይችላል፤ የዛገ ባሌስትራ ቅጠሎቹ ተጣብቀው እንደ አንድ ብረት ስለሚሆኑ በባዶ ጊዜ ፈጽሞ አይንቀሳቀሱም።

ሾክ አብዞርበር ይጨመር የሚሉም አሉ። ሾክ አብዞርበር ባሌስትራው አንዴ ከዘለለ በኋላ ደጋግሞ እንዳይዘል ይይዘዋል፤ ሥራው ይኸው ነው። በፒክአፕ ተጎትቶ በአስፋልትና በጥሩ ፒስታ ላይ በፍጥነት ለሚሄድ ቀላል ተሳቢ በጣም ይጠቅማል። በትራክተር ተጎትቶ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ተሳቢ ግን ገንዘቡ ለአየር መለኪያ፣ ለፒንና ለኩሽኔታ ቢውል የበለጠ ይሠራል። ባሌስትራ በሌለው ተሳቢ ላይ ደግሞ ሾክ አብዞርበር የሚይዘው ነገር ስለሌለ ማድረጉ ትርጉም የለውም።

ፍጥነት ወደሚለው ነጥብ ስንመጣ፣ ያለ ምንም ወጪ የሚገኘው መፍትሔ ይህ ሆኖ ሳለ የሚከበረው ግን በጥቂቱ ነው። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ብዙ ቀበሌዎችን በጠጠር መንገድ አገናኝቷል። የጠጠር መንገድ ጥገና ሲጓደልበት ግን እንደ ቤት ክዳን ቆርቆሮ ሞገድ ያወጣል። የሞገዶቹ ርቀት 1.5 ሜትር ቢሆንና ተሳቢው በሰከንድ 4 ጊዜ የሚወዛወዝ ቢሆን፣ በሰከንድ 6 ሜትር ሲሄድ እያንዳንዱ ሞገድ ልክ በውዝዋዜው ሰዓት እየደረሰ ይገፋዋል፤ ዥዋዥዌን በሰዓቱ እንደ መግፋት ነው። ይህ በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ትራክተር በተለመደው መንገድ የሚሄድበት ፍጥነት መሆኑ ነው። ሹፌሩ በዚያ ቦታ ላይ ወደ 15 ቢያወርድ ተሳቢው ወዲያው ሲረጋ ያየዋል። ፍጥነት ጨምሮም ከሞገዱ በላይ መንሳፈፍ እንደሚቻል የሚያውቁ ሹፌሮች አሉ፤ ዝላዩም የቀነሰ ይመስላል። እየተንሳፈፈ ያለ ጎማ ግን መሬት አልያዘም፤ መሬት ያልያዘ ጎማ ፍሬን ቢያዝም አይቆምም፤ መሪውም አይታዘዝም። ከ30 ወደ 20 ሲወረድ ደግሞ ተሳቢው የያዘው የእንቅስቃሴ ጉልበት ከግማሽ በታች ይሆናል፤ አንድ ነገር ከፊት ቢገባ ለመቆም የሚሰጠው ዕድል በዚያው መጠን ይሰፋል።

ሹፌሩ ለምን ይፈጥናል? ይህን መጠየቅ የአመራሩ ድርሻ ነው። ክፍያው በደርሶ መልስ ቁጥር ከሆነ ሹፌሩ የሚያካክሰው በባዶው ጉዞ ነው፤ ሲጭን መፍጠን አይችልምና። እንዲህ ዓይነት የክፍያ ሥርዓት ያለበት ማህበር ሹፌሩን ቀስ በል እያለ በሌላ እጁ ፍጠን ብሎ ይከፍለዋል። በመዝገብ ቅጹ ላይ ባዶ የተሄደበት ኪሎ ሜትር፣ የተነሣበትና የደረሰበት ሰዓት የሚሞላባቸው ዓምዶች ቢጨመሩ ጉዳዩ በግልጽ ይታያል።

በመጨረሻም ከሁሉ የከበደው ጉዳይ ሰው ነው። ተሳቢው አራግፎ ሲመለስ መንገድ ላይ እናቶች ከገበያ፣ ተማሪዎች ከትምህርት ቤት፣ አዛውንቶች ከቀበሌ ስብሰባ ሲመለሱ ያገኛቸዋል። መንገዱ ረጅም፣ ፀሐዩ ብርቱ ነው፤ ተሳቢው ባዶ ነው፤ ሹፌሩም የአገር ልጅ ነው፣ እንቢ ማለት ይከብደዋል። አንዳንዱም «ሰው ሲጨመር ይረጋል» ብሎ ያስባል። ሰው ግን እንደ አሸዋው ጆንያ አይታሰርም። ተሳቢው ሲዘል ሰውየው ከወለሉ ይለቃል፤ ተሳቢው ሲወርድ እርሱ ገና አየር ላይ ነው፤ ሲገናኙ የሚገናኙት በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። የሚይዘው የለም፤ ስፖንዳው ከጉልበቱ በታች ነው። ከኋላ የተቀመጠው ደግሞ ከአክስሉ ወደ ኋላ ስለሆነ ዝላዩ ለእርሱ ይበልጥበታል፤ ከፊት የወደቀውም በተሳቢው ጎማ ሥር ነው። ሕፃን የታቀፈች እናት በሁለቱም እጇ ሕፃኑን እንጂ ብረቱን አትይዝም።

ይህን ለሹፌሩ ብቻ ትቶ መሄድ ተገቢ አይሆንም። እርሱ ብቻውን በመንገድ ላይ አማቱን ወይም የክርስትና እናቱን «አልጭንም» ሊል አይችልም። ጠቅላላ ጉባኤው ወስኖ፣ የቀበሌው አስተዳደር በሰንበቴና በእድር አስነግሮ፣ በተሳቢው ስፖንዳ ላይም በትልቁ ተጽፎ ከሆነ ግን ሹፌሩ «እኔ አይደለሁም፣ ማህበሩ ነው» የሚልበት መሠረት ይኖረዋል። ውሳኔው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ተቃውሞ ግን ይኖረዋል፤ በተለይ በገበያ ቀን። አመራሩ ይህን ተቃውሞ አስቀድሞ ቢያውቀው መልካም ነው፤ በአንዳንድ ቦታ በገበያ ቀን ሰው የሚጭን ተሽከርካሪ በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲመጣ መነጋገርም ይቻላል።

ከአባላቱ አብዛኛው ትራክተር ባይኖረውም የአህያ ጋሪ ያለው ብዙ ነው። ባዶ ጋሪም እንዲሁ ይዘላል፤ ምቱን የምትቀበለው ግን አህያዋ ናት። በባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ላይ የዘንጉ ክብደት ከአህያዋ ጀርባ ላይ ቀለል ብሎ ማረፍ አለበት። ባዶ ጋሪ ወደ ኋላ ካዘነበለ የሆድ መቀነቱ ወደ ላይ ያንቃታል፤ ወደ ፊት ካዘነበለ ዘንጉ በየጉድጓዱ ጀርባዋን ይቀጠቅጠዋል፤ ቁስሉም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ይህን ለማየት ጋሪው ባዶውን ተጠምዶ ባለቤቱ ዘንጉን በአንድ እጁ ወደ ላይ ያንሣው፤ ለአንድ እጅ የሚከብድ ከሆነ ለአህያዋም ከብዷል። ጎማው የመኪና ጎማ ከሆነ ለመኪና በሚሞላበት አየር መሙላት አያስፈልገውም፤ የጠመኔው ምርመራ ለእርሱም ይሠራል። ጀርባዋ ላይ የሚደረገው ድልዳልም ሲጫን ብቻ ሳይሆን በባዶውም ጊዜ ሊኖር ይገባል፤ ብዙዎች ዕቃው ሲራገፍ ድልዳሉን አብረው ያወርዱታል። ከገበያ መልስ ጋሪው ላይ ቆሞ አህያዋን በጅራፍ ማስሮጥ በየመንገዱ የሚታይ ነገር ነው። ሸክሟ የቀለለ ይመስላል፤ በሩጫው ጊዜ ጀርባዋ ላይ የሚያርፈው ዘንግ ግን ጠዋት እህል ይዛ በእርምጃ ስትሄድ ካረፈባት ይበልጥ ይመታታል። መልሱንም በእርምጃ ትሂድ፤ አንድ ሰዓት ቢዘገይ ማግስቱን ሳትቆስል ትጠመዳለች።